በቤተሰብ ውይይት ላይ «ለእናንተ የተማረ ሰው ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይመለሳል?

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ለየብቻ 30 ደቂቃ የሚወስድ ውይይት ያደርጋል። ወላጆች አዳራሽ ገብተው የርእሰ መምህሩን ንግግር የሚያዳምጡበት ስብሰባ አይደለም። ወላጅ፣ መምህርና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ንግግሩንም የምትከፍተው ልጅቷ ናት። ከውይይቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በተላከልን ወረቀት ላይ የነበረው ከላይ በርእሱ የጻፍኩት ጥያቄ ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ጥቂት ተነጋግረን «ራሱን የቻለ፣ ለሰው የሚያስብ፣ እውነትን የሚወድ» ብለን ጻፍንና መለስን።

በቀኑ ልጄ የሥራዎቿን ማኅደር ከፈተች። የመጀመሪያው ስለ ጥላ የሠራችው ልኬት ነበር፤ በግቢው ውስጥ ዘንግ ተክለው በየሰዓቱ የጥላውን ርዝመት እየለኩ በሠንጠረዥ አስፍረዋል። ከቁጥሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም፤ እኩለ ቀን ላይ ማጠር የሚገባው ጥላ ረዝሞ ተጽፏል። ያንን ቁጥር ደጋግማ ፍቃ መልሳ ስለጻፈችው ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚያ ቁጥር ማስረዳት ስትጀምር እኔ ወደ መምህርቷ ዞሬ «ለመሆኑ ከክፍሉ ስንተኛ ናት?» አልኩ። መምህርቷ በትሕትና መለሰችልኝ። ልጄ ግን ወረቀቱን ወደ ማኅደሩ መለሰችው፤ የቀሩትን ሥራዎች ያሳየችን እያንዳንዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከነክነኝ በወረቀት የጻፍኩትና ከአፌ የወጣው የተለያዩ መሆናቸው ነው። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ ያ የተማረ የተባለው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ግን ቆም ብዬ አስቤበት አላውቅም። እንደዚህ ያለ ውይይት የምታውቁ ወላጆችና መምህራን ሁለት ነገር ብትነግሩኝ እወዳለሁ። እናንተ ለጥያቄው ምን ትመልሳላችሁ? የሚቀጥለውን ውይይትስ እንዴት ብሳተፍ ይሻላል?

መምህርት ነኝ፦

ወንድሜ፣ ያ ጥያቄ ከአፍዎ መውጣቱ ክፉ አባት አያሰኝዎትም። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ውይይት ስመራ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛው ወላጅ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ሁላችን ስለ ልጅ ስንነጋገር የለመድነው ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። በተለመደው ስብሰባ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሌለ ልጅ ላይ ይነጋገራሉ፤ ልጁ ማታ እቤት ውስጥ ፍርዱን ይሰማል። በቤተሰብ ውይይት ግን ልጁ የራሱን ሥራ ይዞ ስለሚቀርብ ማስረዳቱ በራሱ ፈተና ይሆናል። መልሱን ያገኘ ሁሉ ማስረዳት አይችልም፤ «እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፣ የተሳሳትኩትም በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

የጥያቄውን ምንጭ ማወቅ ይጠቅምዎት ይሆናል። ዴቦራ ማየር እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ ከተማ ኢስት ሃርለም ውስጥ ሴንትራል ፓርክ ኢስት የተባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1985 ደግሞ ሁለተኛ ደረጃው ተከተለ። በሁለተኛ ደረጃው ያሉት መምህራን ሥርዓተ ትምህርቱን ያዋቀሩት ከመጨረሻው ተነሥተው፣ ማለትም ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት የአስተሳሰብ ልማድ ሊኖረው ይገባል ብለው ጠይቀው ነው። መልሳቸውን በአምስት ጥያቄዎች አስቀመጡት፦ ይህን በምን ማስረጃ አወቅን? የሚናገረው ማን ነው፣ ከየትስ ቆሞ ያየዋል? ይህ ነገር ከሌላው ጋር በምን ይያያዛል? ነገሩ ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮስ? ለማንስ ምን ይረባል? ተማሪው ለመመረቅ ሥራዎቹን ሰብስቦ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ መከላከል ነበረበት። በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ማኅደር ይዘው ለቤተሰባቸው የሚያስረዱበት ውይይት የዚህ አስተሳሰብ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ሠንጠረዥ ልመለስ፤ እንደ መምህርት ዐይኔ የቀረው እዚያ ላይ ነውና። ያልገጠመውን ቁጥር ፍቃ የሚገጥም ቁጥር መጻፍ ትችል ነበር። ስንት ትልቅ ሰው ያንን ያደርጋል! እሷ ግን ፍቃ ፍቃ ያው የለካችውን መልሳ ጻፈች። «በምን አወቅሽ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃት ከራሷ ጋር ስትሟገትበት የዋለችበት ወረቀት ነው፤ እርስዎ «እውነትን የሚወድ» ብለው የጻፉትም በዚያ በሳሳ ቦታ ላይ ይታያል።

ለሚቀጥለው ጊዜ የምመክርዎ ብዙ አይደለም። እስክትጨርስ አያቋርጧት። ከዚያ «የት ላይ ተቸገርሽ? እንደገና ብትሠሪው ምን ትለውጫለሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ዝም ካለችም ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ። የውጤት ጉዳይ ለመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይቆይ። ይህን የምለው ለስሜቷ ብቻ ብዬ አይደለም። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ለአንዳንድ ተማሪዎች ማርክ ብቻ፣ ለሌሎች የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ለሌሎች ደግሞ ሁለቱንም ሰጥታ ነበር። በጥቅሉ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው፤ ሁለቱም አብሮ የተሰጣቸው ማርክ ብቻ ከተሰጣቸው እምብዛም አልተለዩም። ቁጥሩ ከቀደመ ጆሮ ሌላውን አይሰማም።

የሦስት ልጆች እናት፦

መምህርቷ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ከልቤ የማልስማማበት ነገር አለ። የበኩር ልጄ ማኅደር በጣም ያምር ነበር። ሥዕሉ፣ ሞዴሉ፣ ያቀረባቸው ገለጻዎች ሁሉ የሚያኮሩ ነበሩ፤ በየውይይቱ እየተመሰገነ፣ እኛም እየተደሰትን ወደ ቤት እንመለስ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር እንደማይችል ታወቀ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ይህን አንድም ሰው አልነገረንም፤ ምክንያቱም ውይይቱ ስለ «አስተሳሰብ» እንጂ ስለ ክፍልፋይ አልነበረም። ጉድለቱን ለመሙላት ሁለት ዓመት የፈጀ ማታ ማታ ማስጠናት ጠይቆናል። ስለዚህ አባትየው «ስንተኛ ናት?» ማለታቸውን እንደ ጥፋት ልቆጥረው አልችልም።

ሁለተኛም አለ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ካርዴን ስትቀበል አስተያየቱን ሰው ፈልጋ ታስነብብ ነበር፤ ቁጥሩን ግን ራሷ ለይታ ታውቀዋለች። ሰው ሳያነብላት ስለ ልጇ ልታውቀው የምትችለው ብቸኛው ነገር እሱ ነበር። ከቁጥር ይልቅ ረጅም አስተያየት፣ ከአስተያየትም ይልቅ «የተማረ ሰው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ የሚቀርብላት ቢሆን ኖሮ፣ ጥያቄው ለእሷ ሳይሆን ለተማሩ ወላጆች የተዘጋጀ መስሏት አንገቷን ደፍታ ትወጣ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይሁን እንጂ በትዕግሥት የሚጠይቃት ቢገኝ መልስ ነበራት። ሁልጊዜ የምትለኝን አሁንም እሰማዋለሁ፦ «የተማረ ማለት የሚፈርምበትን ወረቀት አንብቦ የሚፈርም ነው።» እሷ በሌላ ሰው ንባብ ላይ ተማምና ጣቷን ቀለም ነክራ ያጸደቀችው ወረቀት ምን እንዳሳጣት እኔ አውቃለሁ። የእኔም መልስ ከዚያ አይርቅም። ማንበብ፣ ማስላት፣ አለመታለል ይቅደም፤ ሌላው ከዚያ በላይ ይገነባል።

ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦

እህቴ፣ የእናትዎ መልስ በዚህ ውይይት ከተጻፈው ሁሉ የከበደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ አነበብኩት። እኔ የምጨምረው ከቆዩ መጻሕፍት የቃረምኩትን ነው፤ ጥያቄው አዲስ አይደለምና።

የአቴናው መምህር ኢሶቅራጥስ የተማረ የሚላቸውን ሰዎች በዝርዝር ጽፏል፤ ያን ጽሑፍ ሲጀምር ዕድሜው 94 ነበር። በመጀመሪያ ያስቀመጠው በየቀኑ የሚገጥማቸውን ጉዳይ በአግባቡ የሚወጡትን ነው። ቀጥሎ ከሰው ጋር ሲኖሩ ቅን የሆኑትንና የሌላውን አስቸጋሪ ጠባይ በትዕግሥት የሚችሉትን፣ ከዚያ በተድላ የማይሸነፉትንና በመከራ የማይሰበሩትን፣ በመጨረሻም በስኬታቸው የማይታበዩትን ጠቀሰ። ዕድሜ ልኩን ንግግርን ሲያስተምር የኖረ ሰው አንደበተ ርቱዕነትን ከእነዚህ አንዱ አድርጎ አለመቁጠሩ ይገርመኛል። እናትዎም ከልዩ ልዩ ዕውቀት ይልቅ የዕለቱን ጉዳይ በአግባቡ መወጣትን ማስቀደማቸው ከእሱ ጋር ያገናኛቸዋል።

አርስጣጣሊስ ደግሞ የተማረ ሰው በማንኛውም ጉዳይ የሚፈልገው ጉዳዩ ራሱ የሚፈቅደውን ያህል ትክክለኛነት ብቻ ነው ብሎአል። ከሒሳብ ሊቅ «ሊሆን ይችላል» የሚል መልስ መቀበል ስሕተት እንደ ሆነው ሁሉ፣ ከተናጋሪ የሒሳብ ማረጋገጫ መጠየቅም ስሕተት ነው። ይህ ሐሳብ የሁለታችሁን ክርክር የሚያቀራርብ ይመስለኛል። ክፍልፋይ መደመር ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ጉዳይ ስለሆነ ልጁ ይችላል ወይም አይችልም ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት፤ ያንን በለሰለሰ ቃል መሸፈን ወላጅን ማታለል ነው። «ልጄ ምን ዓይነት ሰው እየሆነች ነው?» ለሚለው ግን «ከክፍሉ ሰባተኛ» የሚል መልስ ጉዳዩ የማይሸከመውን ቁርጥነት ይሰጠዋል።

ደግሞም ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ትምህርት የሰውን ሁለንተናዊ ስብእና ለማጎልበት እንዲውል ይደነግጋል፤ በዚያው አንቀጽ ለልጆቻቸው የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቅድሚያ መብት ለወላጆች ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ ያንን ጥያቄ ለወላጅ ሲልክ ውለታ እየዋለ አይደለም፤ መልሱም ተማረ ካልተማረ ወላጅ በእኩል ክብር መወሰድ አለበት።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። «ተማሪ» የምንለው እየተማረ ያለውን ነው፤ «የተማረ» ስንል ግን ያለቀ የተጠናቀቀ ያስመስለዋል። እኔ 40 ዓመት በመጻሕፍት መካከል ኖሬ፣ የተማሩ ያልኳቸው አንባቢዎች ሁሉ ገና ተማሪዎች ነበሩ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናትየው የጻፉት ብዙ አሳሰበኝ፤ የልጄን የሒሳብ ደብተርም ገጽ በገጽ አየሁት።

ትናንት ማታ ልጄን ይቅርታ ጠይቄ፣ ያቋረጥኩባትን እንድትጨርስልኝ ለመንኳት። መጀመሪያ «ተወው አባዬ፣ አልፏል» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ማኅደሩን አምጥታ ወረቀቱን ገለበጠችው። በጀርባው በእርሳስ ዘንጉ ተሥሏል፣ ዘንጉም ዘሟል። ከእረፍት ሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ሲሮጥ መትቶት ኖሮ እነሱ ጥላውን ሲለኩ ዘንጉን ቀና ብለው አላዩትም። ስለዚህ ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተለካው ግን የዘመመ ዘንግ ጥላ ነው። ይህን ያወቀችው በማግስቱ ሲሆን፣ ቁጥሩን ለማጥፋትም ለመተውም ተቸግራ ምክንያቱን ከጀርባ ጻፈች። በውይይቱ ቀን ልትነግረን የነበረውም ይህንኑ ነው።

ለመምህርቷ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ስለ ውጤት በምንነጋገርባቸው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ልጄ አብራን ትቀመጥ ወይስ ውጭ ትጠብቀን?

መምህርት ነኝ፦

ትቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ እሱን በሚመለከቱ ጉዳዮች ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ከውጤቷ የበለጠ እሷን የሚመለከት ምን አለ? ከተቻለ ቁጥሮቹን ራሷ ታንብብላችሁ፤ ዝቅ ያለው የትኛው እንደ ሆነና ምን እንደምታደርግለትም ከራሷ አፍ ይሰማ። እናትየው እንዳሉት ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ የተመረጡ ሥራዎች ብቻ ሳይሆኑ አንድ ያልተመረጠ፣ በክፍል ውስጥ የተሠራ የሒሳብ ወረቀት ይጨመርበት። እኔም ከሚቀጥለው ውይይት ጀምሮ በክፍሌ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሥራውን የሚመርጡት ልጆቹ ብቻ ነበሩ።