«በዘመናቸው ሚዛን» እያሉ ማምለጥ

የዱክ ጎዳና፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን አንብቤ ቡናዬ መረረኝ። «የአሜሪካ ነፃነት የተጠነሰሰው በእኛዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ መሥራቾቹን በዘመናቸው ሚዛን እንመዝናቸው» ይላል። ወንድሜ፣ ከተማዋ በ1749 ፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው በትምባሆ መጋዘን ዙሪያ ነው። ትምባሆውን ማን ተከለው? ማን ለቀመው? ስለ እነሱ አንድ መስመር አልጻፍክም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በዚህ ደግሞ እንዳንጣላ።)

ካሜሮን ጥግ፦ ለጣፊው እኔ ነኝ። የጻፍኩት ስለ ፌርፋክስ ውሳኔዎች ነው፣ የፌርፋክስ ካውንቲ ሰዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስላወጡት ሰነድ። ጁላይ 18 ቀን 1774፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ሰብሳቢ ሆኖ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ «ያልተወከልንበት ፓርላማ ግብር አይጥልብንም» ብለው ወሰኑ። የነፃነት አዋጁ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው! ይሄ አያኮራም? በዘመናቸው ሚዛን ትልቅ ሰዎች ናቸው። አራት ነጥብ።

አስኳላ፦ ጋሼ፣ አራት ነጥቡን ትንሽ ያቆዩት። ያው ሰነድ 17ኛው ውሳኔ ላይ የባሪያ ንግዱን «ክፉ፣ ጨካኝና ከተፈጥሮ የወጣ» ይለዋል። ለዘላለም እንዲቆም እንመኛለን ይላል። ይህን ያሉት እርስዎ የሚያወድሷቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሚዛኑ እጃቸው ላይ ነበር። መዘኑና ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ካሜሮን ጥግ፦ ራሳቸው ካወገዙት ታዲያ ምን ቀረህ ልጄ? ለእኔ መሰከርክልኝ እኮ!

የዱክ ጎዳና፦ ያወገዙት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነው። ጓሯቸው ስላለው ትንፍሽ አላሉም። ሰነዱን በማርቀቅ ስሙ የሚነሳው ጆርጅ ሜሰን እስኪሞት ባሪያዎቹን አልለቀቀም። በ1828 ደግሞ ዱክ ስትሪት 1315 ላይ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሰው ንግድ ቢሮ ከፈቱ። ሰው ከዚህ እየተገዛ ወደ ደቡብ ይጋዛል። ዛሬ ሙዚየም ነው። ገብተህ እየው።

ካሜሮን ጥግ፦ 1828ን ለ1774 ሰዎች ታሸክማለህ? ዋሽንግተንስ? በኑዛዜው የራሱ የሆኑትን 123 ሰዎች ነፃ አውጥቷል።

አስኳላ፦ እሱ ከሞተ በኋላ፣ ያውም ሚስቱ ስትሞት ይለቀቁ ብሎ ነው። ደግሞስ ሃሪ ዋሽንግተን የዘመኑ ሰው አይደለም? ጋምቢያ ተወልዶ ማውንት ቨርነን፣ የዋሽንግተን እርሻ ላይ፣ በባርነት የኖረ ሰው ነው። በ1776 አምልጦ እንግሊዞች ጋ ገባ። በ1783 ከኒውዮርክ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከዚያ ወደ ሴራሊዮን ሄደ። የእሱ ሚዛን የማይቆጠረው ለምንድን ነው?

ስፕሪንግፊልድ ነኝ፦ እንግሊዞቹን ደግሞ መልአክ አታድርጋቸው። የቨርጂኒያው የእንግሊዝ ገዢ ደንሞር በኖቬምበር 1775 ነፃ ትወጣላችሁ ያለው የአማፂዎቹን ባሪያዎች ብቻ ነው። የንጉሡ ታማኞች ባሪያዎች እዚያው ቅሩ ተባሉ። ለጦር ሰው ፈልጎ ነው፣ ለጽድቅ አይደለም።

አስኳላ፦ ማን ጻድቅ ነው አለ? በ1781 «ሳቬጅ» የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ፖቶማክን ሽቅብ ስትመጣ ከማውንት ቨርነን 17 ሰዎች ተሳፍረው ሄዱ። የእንግሊዝን ልብ መርምረው አይደለም፤ በር ስለተከፈተ ነው። ዋሽንግተንን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዘመዱ ሉንድ ለመርከቧ ስንቅ መስጠቱ። ቤቴን ቢያቃጥሉት ይሻለኝ ነበር ብሎ ጻፈለት።

ካሜሮን ጥግ፦ እስቲ መጀመሪያ የራሳችንን ጓዳ እንጥረግ። እኛ አገር ባርነት በአዋጅ የቀረው መቼ ነው? በ1942! ፈረንጅ ላይ ሲሆን ሁሉም ዳኛ።

የሴሚናሪ እናት፦ ማን ካደ ጋሼ? እሱንም በደንብ እንጻፈው። እርስዎ ግን ሲመችዎ «ሚዛን»፣ ሲጨንቅዎ «ጦቢያ» ይላሉ።

ስፕሪንግፊልድ ነኝ፦ በነገራችን ላይ «የእኛዋ አሌክሳንድሪያ» የሚሉት ጋሼ የሚኖሩት ከተማዋ ውስጥ አይደለም 😂 ፖስታቸው አሌክሳንድሪያ ይላል፣ ግብራቸው ለፌርፋክስ ካውንቲ ነው።

ካሜሮን ጥግ፦ ማውንት ቨርነንም እኮ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው! ዋሽንግተንንም ከከተማዋ ታሪክ አውጣዋ!

ስፕሪንግፊልድ ነኝ፦ እሱ ከተማዋ መሀል፣ ኦልድ ታውን ካሜሮን ስትሪት ላይ የራሱ ቤት ነበረው። እርስዎስ?

የዱክ ጎዳና፦ 😂😂 የዛሬ ዋጋው ስንት ይሆን?

ካሜሮን ጥግ፦ ቀልዱን ተዉት። ስለ ታሪክ ነው የማወራው። አሁንም እላለሁ፣ በዘመናቸው ሚዛን...

አስኳላ፦ ጋሼ፣ 17ኛውን ውሳኔ ትናንት ለምን ዘለሉት? የለጠፉት የሰነዱ ፎቶ ላይ እኮ ገጹ በግማሽ ተቆርጧል።