ክንዱን አተረፍነው ወይስ ከሰርን?

ቀዩ ኮፍያ፦ ዛሬ ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቡና እየቀዳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በ2012 ስትራስበርግን ባያሳርፉት ኖሮ የ2019ን ዋንጫ አታዩትም ነበር።» የዋሽንግተኑን ቤዝቦል ቡድን፣ ናሽናልስን፣ ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ። ሰውዬው ያኔ ዋሽንግተን እንኳ አልነበረም! ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ (የዋንጫ ማጣሪያ) ሊገባ ነው፣ ምርጡ ፒቸራችን (ኳስ ወርዋሪያችን) ስትራስበርግ በዓመቱ 159 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ ሴፕቴምበር ላይ «በቃህ፣ ተቀመጥ» ተባለ። ለምን? ክርኑ በ2010 ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር፣ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ፈራ። ከዚያ በፕሌይኦፉ የመጨረሻ፣ አምስተኛ ጨዋታ የሴንት ሉዊሱን ቡድን ካርዲናልስን 6 ለ 0 እየመራን 9 ለ 7 ተሸንፈን ወደ ቤት። እኔ እዚያው ስታዲየም ነበርኩ። ይሄንን ነው ብልህነት የምትሉት?

ጋሽ ታክሲ፦ ባልደረባህ እውነቱን ነው። ክንዱን አተረፍነው። ቀዶ ጥገናው ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ያኔ ቢበጠስ ኖሮ በ2019 የዋንጫው ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስ፣ ሂውስተን ላይ ስድስተኛውን ጨዋታ ማን ይወረውርልህ ነበር? ስምንት ኢኒንግ አልፎ እኮ ነው የወረወረው። የዎርልድ ሲሪስ ኮከብም ተባለ። አመስግን።

የአርሊንግተኑ፦ «አተረፍነው»? ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ይቺን ቃል በቀላሉ አላልፋትም። ከዋንጫው በኋላ የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጨዋታ ጀመረ? 8! ለአንዱ ጨዋታ 30 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። በ2024 ጡረታ ወጣ። የቱ ጋ ነው ትርፉ?

ጋሽ ታክሲ፦ ዱባና ቅል አታገናኝ ልጄ። የኋለኛው ሕመም ትከሻና አንገት አካባቢ ያለ ነርቭ ነው፣ ክርኑ አይደለም። ክርኑን ነው ያተረፍነው።

የአርሊንግተኑ፦ አሃ! ቅድም «ክንዱን» ነበር፣ አሁን «ክርኑን» ሆነ። ነገ ደግሞ «አውራ ጣቱን አተረፍነው» ይሉኛል። ክርኑስ ቢሆን? በ2016 ፕሌይኦፍ ስንገባ እዚያው ክርኑ አካባቢ ታሞ አልተሰለፈም። ተርፎ ከነበረ የት ነበር?

እናት ዓለም፦ ይቅርታ፣ 2012 የማን ነው? በፈረንጅ ነው በኛ?

ቀዩ ኮፍያ፦ በፈረንጅ ነዋ። በኛ የምን ቤዝቦል አለ?

እናት ዓለም፦ አይ፣ ዋንጫውን የወሰድነው ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. እኮ ነው። ስለዚህ 2012 መጥፎ ዓመት አይደለም፣ ቆጠራችሁ ነው የተበላሸው 😂

ቀዩ ኮፍያ፦ እሺ፣ በቀልድ አታዘናጉን። ያቺን ማታ የነበረ ሰው አይቀልድም። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ 7 ለ 5 እየመራን፣ ከካርዲናልስ ሁለት ሰው ወጥቷል፣ ሦስተኛው ከወጣ አለቀ። መዝጊያው ፒቸራችን ድሩ ስቶረን ላይ ነው ሁሉም። ሰዉ ቆሞ ቀይ ፎጣውን ያሽከረክራል። አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ፈረንጅ ካፖርቱን ለብሶ ጨርሷል፣ አሸንፈን ልንሄድ ነዋ። አንድ ስትራይክ ብቻ ይቀራል። የካርዲናልሱ ሞሊና ዎክ (ሳይመታ በነፃ ወደ ቤዝ አለፈ)። እንደገና አንድ ስትራይክ ብቻ። ፍሪስም ዎክ። ከዚያ አራት ሩጫ (ነጥብ) ገባብን። ሽማግሌው ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ዝም አለ። ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ሰባ አምስት፦ ታዲያ ወንድሜ፣ ራስህ ተናገርከው። የወደቀው ስቶረን ነው። ስትራስበርግ ቢኖር ዘጠነኛውን ኢኒንግ እሱ ነበር የሚዘጋው?

ቀዩ ኮፍያ፦ እሱ ቢኖር አምስተኛው ጨዋታ ላይ መድረሳችንን በምን አወቅህ? ሁለተኛውን 12 ለ 4 ነው የተደበደብነው፣ ሦስተኛውን 8 ለ 0። ፒቸር አልጎደለንም ትለኛለህ?

ሰባ አምስት፦ «ቢኖር፣ ቢኖር»። አክስቴ ጢም ቢኖራት አጎቴ ነበረች።

ሞንትሪያል ነኝ፦ ስለ ትርፍ ስትከራከሩ ሳይ ሳቄ መጣ። ቡድኑ ራሱ ከእኛ አይደል እንዴ የሄደላችሁ? በ2005 የሞንትሪያሉን ቡድናችንን ኤክስፖስን ጠቅልለው ዋሽንግተን አመጡት። በ1994 እኛ 74 አሸንፈን 40 ብቻ ተሸንፈን አንደኛ ነበርን። ኦገስት ላይ የሥራ ማቆም አድማ ተመታና ዎርልድ ሲሪስ የሚባል ነገር ቀረ። የእናንተ አንድ ልጅ አረፈ፣ የእኛ ቡድን በሙሉ አረፈ። እስከ ዛሬ።

የአርሊንግተኑ፦ ነፍስ ይማር። ግን ዋንጫው ላይ ድርሻ እንዳትጠይቀን።

ሞንትሪያል ነኝ፦ ድርሻ አልጠየቅሁም። «አተረፍነው» የሚለውን ቃል እኛ ፊት አታንሱት ነው የምለው።

እትዬ ቡና፦ ልጆች፣ እኔ የምሠራው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ያለበት ቦታ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ሆም ፕሌቱ (መቺው የሚቆምበት) የነበረበት ሕንፃው ውስጥ ምልክት አለው፣ ሰዉ ሳያየው ያልፋል። በ1924 ዋሽንግተን ዋንጫ የወሰደችው እዚያ ነው። ፒቸሯ ዋልተር ጆንሰን 36 ዓመቱ ነበር። አምስተኛውን ጨዋታ ወርውሮ ተሸነፈ፣ አንድ ቀን አርፎ በሰባተኛው ዘጠነኛ ኢኒንግ ላይ ተመልሶ ገባ። እስከ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ አንድ ሩጫ አልሰጠም። መጨረሻ ላይ ኳሷ ጠጠር መታች ይባላል፣ በተጋጣሚው ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ራስ ላይ ዘለለች፣ አሸነፉ። ስለ ክንዱ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቀዩ ኮፍያ፦ እትዬ፣ እጅዎትን ልሳም! ይሄው ነው ያልኩት። አንድ ቀን አርፎ!

ጋሽ ታክሲ፦ እትዬ፣ በዚያ ዘመን የስንቱ ፒቸር ክንድ ተበጥሶ እንደቀረ ማን ቆጠረ? ያኔ ክርን የሚቀድ ሐኪም የለም። ተበጠሰ ማለት በቃ፣ ወደ እርሻህ ነው።

እትዬ ቡና፦ እኔ ታሪኩን ነው የነገርኳችሁ፣ እንድታስታርቁበት ነው እንድትጣሉበት?

ሰባ አምስት፦ ሁላችሁም ስለ ስትራስበርግ ታወራላችሁ፣ ዋንጫውን ያመጣው ግን መቺያችን ሃዊ ኬንድሪክ ነው። ሰባተኛው ጨዋታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ፣ 2 ለ 1 እየተመራን። የሂውስተኑን ፒቸር ግሪንኪን 80 ኳስ ብቻ እንደወረወረ አወጡት፣ በምትኩ ዊል ሃሪስ ገባ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ነበርኩ። ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ «ቋ!» ስታደርግና መሪነቱን ስንወስድ ጉርሻዬ አየር ላይ ቀረ። ሽሮው ከጎኔ ያለው ልጅ ሸሚዝ ላይ። አልተቆጣም፣ አቀፈኝ።

የአርሊንግተኑ፦ ግሪንኪን ደህና ሲወረውር አወጡት። አሰልጣኙ ምን ብሎ ነው ያወጣው? «ክንዱን ላትርፍ» ብሎ!

ጋሽ ታክሲ፦ አንተ ልጅ ዛሬ ይቺን ቃል ይዘህ ነው የምታድረው።

የአርሊንግተኑ፦ እርስዎ እስኪመልሷት ድረስ ጋሼ።

ጋሽ ታክሲ፦ አልመልሳትም። ዋንጫውን አይቼ ነው የምሞተው፣ አንተ ሂሳብህን ስራ። ተሳፋሪ መጣ፣ ማታ እመለሳለሁ።

ሞንትሪያል ነኝ፦ ማታ ስትመለሱ የ1994ንም ጨምሩበት።

ቀዩ ኮፍያ፦ ኧረ ቆይ፣ ሽሮው የተደፋበት ልጅ እኔ አይደለሁም እንዴ?