ሳይቆፈር የተሠራ የአትክልት መደብ ውስጥ አይጥ ገባ፤ ላፍርሰው ወይስ መላ አለው?

ጥያቄ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። መደቡ 3 ሜትር በ1.20 ነው። ጠርዙ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ሲሆን ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ነው። መሬቱን ሳልቆፍር ካርቶን አነጠፍኩ፤ በላዩ ኮምፖስትና አሸዋማ አፈር፣ ከዚያ ወፍራም የገረባ (የጫት ትራፊ) ጉዝጓዝ አለበት። አሁን ቀይ ሥሩ ከአናቱ ይበላል፣ ቲማቲሙ ሊቀላ ሲል ተቦድሶ ይገኛል፣ ቆስጣው ደግሞ ውሃ እየጠጣም ይጠወልጋል። በብሎኬቱ ሥር ሎሚ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ማፍረስ አለብኝ? መርዝስ የትኛው ይሻላል?

መልስ (ከዚራ)
አታፍርሺው። መጀመሪያ የትኛው ቀዳዳ እንደሚሠራ እወቂ፦ ማታ ሁሉንም በላላ አፈር ድፈኚ፣ ጠዋት ተከፍቶ ያገኘሽው ነው የሚኖርበት። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ስፋት ካለው ትልቁ አይጥ ነው፤ ትንሿ አይጥ 2 ወይም 3 ሳንቲ ይበቃታል።

ቤቱን የሠራሽለት ግን አንቺ ነሽ፤ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ነው። የድሬ ደረቅ አሸዋ ሲቆፈር ይናዳል፣ እርጥብ ኮምፖስት ግን ዋሻውን ይይዝለታል፤ ከላይ ደግሞ ገረባው ይከልለዋል። ቆስጣው የሚጠወልገውም ዋሻው ከሥሩ በታች ስላለፈና ሥሩ አየር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ባዶውን ቦታ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊና ኮምፖስት የተበጠበጠበት ውሃ አፍስሺበት፤ ካልደረቀ ይመለሳል።

ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ጉዝጓዙን ቀንሺ፣ አጥምጂ፣ ከዚያ ነው የሚደፈነው። አይጡ ውስጥ እያለ ብትዘጊበት ወይ በሌላ በኩል ይወጣል ወይ እዚያው ሞቶ ይሸታል። ቀዳዳዎቹ ለአንድ ሳምንት ሳይከፈቱ ከቆዩ የላይኛውን ረድፍ አንሺና የሁለቱንም ረድፍ ሆድ በጠጠር ሙይ፤ የላይኛውን አፍ በ5 ሳንቲ ሲሚንቶ ዝጊ።

መልስ (ገንደ ቆሬ)
ስለ ገረባው ልጨምር። እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ክምሩ ውስጥ ክፍተት ስለሚተው ለአይጥ ምቹ ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭም ጥሬውን ሰላጣና ቆስጣ ሥር አታድርጊ። ቅጠሉን ለይተሽ ለወራት ኮምፖስት ውስጥ አብስዪው፣ እንጨቱን አውጪው። በዚህ ሙቀት ያለ ጉዝጓዝ አይሆንም፤ ግን ከ5 ሳንቲ አይብለጥ፣ ከግንዱም አንድ ስንዝር ይራቅ። በመደቡ ዙሪያ 60 ሳንቲ ባዶ መሬት ተዪ፤ አይጥ ግልጥ ቦታ መሻገር ይፈራል። ፋራምሲሳ የሚባለው አረም ካለ በጓንት ንቀዪው፣ ቆዳ ይቆጣል።

ሌላው ውሃ ነው። በደረቁ ወራት አይጡ የሚመጣው ለምግብ ብቻ አይደለም፤ ቲማቲም የሚቦድሰውም ሲጠማው ነው። ማታ ማጠጣቱን ተዪና ጎህ ሲቀድ አጠጪ፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ አስጠግኚ። ኮምፖስቱ ላይ እንጀራና የወጥ ትራፊ ከጣልሽ ደግሞ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

መልስ (ለገሀሬ)
የነቀዝ ክኒኑን ቀዳዳው ውስጥ ጥለሽ በጭቃ ምረጊው። በአንድ ሌሊት ይገላገሉሻል።

መልስ (ከዚራ)
አቦ ይሄን እንዳታደርጊ! ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሰው የሚገድል ጋዝ ነው፣ ማርከሻም የለውም፤ መደቡ ለግድግዳ ከቀረበ በስንጥቅ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ጥቁሩ የዱቄት መርዝ ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ጋዝ ነው የሚያመነጨው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ደግሞ አይጡን ቀስ ብሎ ስለሚገድል፣ የተመረዘውን አይጥ ድመትና ጭላት ይበሉታል። የሚበላ አትክልት ባለበት ሁሉም አይመከርም።

ባለ ስፕሪንግ ወጥመድ ይበቃል፤ ለዚህ መደብ 6 ግዢ። አይጥ አዲስ ነገር ስለሚጠራጠር ለ3 ሌሊት ሳታጠምጂ የተፈጨ ለውዝ እየቀባሽ አስለምጂው፤ በአራተኛው አጥምጂ። ወጥመዱ ከብሎኬቱ ጋር መስቀለኛ ይሁን፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ብሎኬቱ። ከ2 እስከ 3 ሜትር እያራራቅሽ በግድግዳው ጥግ ጭምር አስቀምጪ፣ ወፍና ልጅ እንዳይነካው ሣጥን ድፊበት። ማጣበቂያው ግን አቧራ ሲነካው ዋጋ የለውም፤ ይልቅ ወፍና እንሽላሊት ነው የሚይዘው። የሞተውን በጓንት አንሥተሽ ቅበሪ፤ ሽንቱ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ቆስጣውን በደንብ እጠቢ።

ጥያቄ (ሳቢያን)
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ድመት ባመጣስ? ሚጥሚጣ በጥብጦ መርጨትስ? ሁለተኛ መደብ ልሠራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ምን ላድርግ?

መልስ (ሐረር፣ ሸንኮር)
ሚጥሚጣው ውሃ ባጠጣሽ ቁጥር ይታጠባል፣ ብርሽን ነው የምትረጪው። ድመት ግልገሎቹን ትቀንሳለች፤ ትልቁን ሁሌ አትደፍረውም። ለስላሳ ኮምፖስት ስታገኝም ትጸዳዳበታለች፤ ዘር ከተዘራ እስኪበቅል የግራር እሾህ ጣል አድርጊበት።

ለአዲሱ መደብ መጀመሪያ መሬቱ ላይ የሚነጠፈው ሽቦ ነው፤ ካርቶኑ በሽቦው ላይ ይመጣል። የዶሮ ሽቦ አይሆንም፣ ግልገል አይጥ ያሾልካል። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ የማይበልጥ ጋልቫናይዝድ የወንፊት ሽቦ ፈልጊ። ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ 7.20 ሜትር ገዝተሽ ለሁለት ቁረጪው፤ ሁለቱን በ20 ሳንቲ ደርበሽ እሰሪ። በአራቱም ጎን 30 ሳንቲ ወደ ውጭ ይተርፋል፤ ብሎኬቱን በላዩ ደርድሪ፣ የተረፈውን በጠጠር ሸፍኚው። አይጥ መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ እዚያው ሽቦው ያግደዋል። ለአሁኑም መደብ ይህንኑ 30 ሳንቲ ብቻ በዙሪያው ማንጠፍ ይቻላል፣ አይጡ ከወጣ በኋላ።

ካርቶኑ አንድ ንጣፍ ይሁን፣ ፕላስተሩ ይነሣ፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ።

ከላይ የሚወጣውን ደግሞ በቀስት ነው የምትከለክዪው። አንድ 12 ሜትር ባለ 6 ሚሊ ፌሮ 2.40 እያልሽ ስትቆርጪው 5 ቀስት ይወጣዋል፤ በየ75 ሳንቲው ትከዪና ያንኑ ሽቦ አልብሺው። ቲማቲም ከፍ ስለሚል እዚያ አይመችም፤ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ችግኝ ከቀስቱ ሥር ይሁኑ፣ ቲማቲሙ ሊቀላ ሲጀምር ቀድመሽ ቅጠፊና ቤት ውስጥ ይብሰል።