የ1990 ማርቼዲስ 300ኢ፦ ኤቢኤሱን ሙሉ በሙሉ ልቀይር ወይስ ሌላ መላ አለው?

ጥቁሯ124

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የ1990 ማርቼዲስ 300ኢ አለችኝ፣ 124 የሚባለው ሞዴል። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች መሸጥ የሚባል ነገር አላስብም፣ እንዲያውም ኦርጂናል እንደሆነች ለልጄ ማቆየት ነው የምፈልገው።

ችግሩ የኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት በርቶ ይቆይና በራሱ ይጠፋ ነበር። አሁን ጭራሽ አልጠፋ ብሏል። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ኮፈኑን ከፍተው ገና እንዳዩ “ሃይድሮሊክ ዩኒቱ (የፍሬን ዘይቱን ግፊት ወደ ጎማዎቹ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር” አሉኝ። ቴስተር እንኳን አላወጡም። የጠሩልኝ ዋጋ የመኪናዋን ግማሽ ይጠጋል።

እስቲ ምከሩኝ። ያገለገለ ዩኒት ፈልጌ ላስገጥም? ከአዲስ ሞዴል ላይ የተሻለ ኤቢኤስ አውጥቶ እዚች ላይ መግጠምስ ይቻላል? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ “ንቀለውና በተራ ፍሬን ንዳት” ይለኛል። ፍሬኑ ራሱ ምንም አይልም፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብርድ ሲሆን ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲዞር) ትንቀጠቀጣለች፣ ይሄኛው ከኤቢኤሱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እንጃ።

መካኒክ_ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ገንዘብህ ለጊዜው ኪስህ ውስጥ ይቆይ። መጨረሻ ላይ የጻፍካት ነገር ናት ዋናዋ። ኤቢኤሱና ሚኒሞው አብረው ካመሙ በ124 ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኦቪፒ የሚሏት ሪሌ (ኃይል የምታቀብልና የምታቋርጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ናት። ሥራዋ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ወደ ኮምፒውተሮቹ እንዳይገባ መከላከል ነው። ለኤቢኤሱም ለነዳጁም ኮምፒውተር ኃይል የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ከባትሪው ኋላ ያለውን ፕላስቲክ ክዳን አንሳ፣ ብርማ ቆርቆሮ የለበሰች፣ አናቷ ላይ ቀይ 10 አምፔር ፊዩዝ የተሰካባት ሪሌ ታገኛለህ። መጀመሪያ ፊዩዙን እይ። ፊዩዙ ደህና ከሆነ ደግሞ ውስጧ ያለው ብየዳ ነው የሚሰነጠቀው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ምን ያድርግ። ጠዋት በርቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ለዚህ ነው፣ ስንጥቁ ሲሞቅ ይገናኛል። አዲስ ግዛ፣ ርካሹን ሳይሆን ደህናውን።

ከዚያ በፊት ግን ባትሪና ዲናሞ አስለካ። የቦሽ ኤቢኤስ ቮልቴጅ ከወረደበት ራሱን ይዘጋል፣ መብራቱም ይበራል። ብዙ ሰው በደከመ ባትሪ ምክንያት ደህና ዩኒት አስቀይሯል።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ተመልከት፣ መብራቱ መቼ ነው የሚበራው? ሞተር ተነስቶ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጭምር በርቶ ከቀረ ችግሩ ኃይል፣ ሪሌ ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ሞተር ሲነሳ ጠፍቶ ትንሽ ከሄድክ በኋላ ተመልሶ ከበራ ግን ብዙ ጊዜ የጎማ ሴንሰር (የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው) ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሴንሰሮቹን ምልክት ማየት የሚጀምረው ጎማው ሲዞር ነው። እንዳንተ ያለ የድሮ መኪና ኤቢኤስ ላይ ስካነር ተሰክቶ የሚነበብ ኮድ የለም፣ ስለዚህ ይህን ዓይነት ምልክት ማንበብ ነው ያለህ መንገድ።

“ንቀለው” ላለህ ጓደኛህ ጆሮ አትስጠው። ኤቢኤሱ ሲበላሽ ፍሬኑ እንደ ማንኛውም ተራ ፍሬን ይሠራል፣ ያንን አሁንም እየነዳኸው ነው። መንቀሉ ምንም አይጨምርልህም። በዝናብ አስፋልት ላይ ድንገት ስትረግጥ የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናዋ ትዞራለች፣ ኤቢኤሱ የተሠራው ለዚያች ሰዓት ነው። እስክታስጠግናት ድረስ ርቀት ጠብቀህ ንዳ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ወይም ፔዳሉ ከሰመጠ ግን በፍጹም አትንዳት።

ለንደን_ጃጓር

እኔ ያለኝ የ1989 ጃጓር ኤክስጄኤስ ነው። ወንድማችን ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው “ኤቢኤስ ቢበላሽም ፍሬን ይሠራል” የሚለውን ለሁሉም መኪና እንዳይወስደው እፈራለሁ። የእኔ ኤቢኤስ ቴቬስ የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን ሳብ 9000ም ላይ ይገኝ ነበር። እዚህ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)፣ ፍሬን አጋዡና ኤቢኤሱ አንድ አካል ናቸው። በኤሌክትሪክ ፖምፓ ተሞልቶ ግፊት የሚያጠራቅም ኳስ የሚመስል ነገር አለው፣ ግፊቱ እስከ 180 ባር ይደርሳል። ግፊቱ ከጠፋ የኋላ ፍሬን አብሮ ይሄዳል፣ የፊቱም ያለ አጋዥ ይቀራል። እግርህ ሙሉ ክብደትህን ጥሎ ነው መኪናው የሚቆመው። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ላይ የኤቢኤሱና ቀዩ የፍሬን መብራት አብረው ሲበሩ ዳር ይዞ መቆም ነው።

ፖምፓው ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተችው ያቺ ኳስ ናት፣ ሙሉውን ሳትነካ እሷን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ቁልፉን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ከ20 ጊዜ በላይ ርገጡ፣ እግራችሁ ሥር እስኪጠነክር ድረስ። ያንን ግፊት ይዞ የተፈታ ቱቦ ዓይን ያጠፋል።

የድሮ_ጋራዥ

ልጄ፣ እኔ እድሜዬን ሙሉ በማርቼዲስ ላይ ነው የሠራሁት፣ አዲስ አበባም እዚህም። ስለ መቀየሩ ልንገርህ፣ የግድ ከሆነ ማለቴ ነው።

ከአዲስ ሞዴል አውጥቶ መግጠም የሚባለውን እርሳው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የዚያችን መኪና ክብደት፣ የዚያችን ጎማና ፍሬን፣ ሴንሰሩ የሚያነበውን፣ አብሮ የሚዞረውን ቀለበት የጥርስ ቁጥር ነው። ያንተ 124 ሦስት ሴንሰር ብቻ ነው ያላት፣ ሁለት ፊት፣ አንድ ዲፈረንሻሉ (ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) ላይ። አዲሶቹ በየጎማው አንድ አንድ አላቸው። ማርቼዲስና ቦሽ ይህን ነገር በ1978 ኤስ ክላስ ላይ ካወጡት ጀምሮ እያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው ተለክቶ ነው የተሠራው። አዳቅለህ የምትነዳው ፍሬን ሊሠራ ይችላል፣ ግን በጭንቅ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ያገለገለ ዩኒት ደግሞ በጣም አልወድም። የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፣ ውኃው ደግሞ ዩኒቱ ውስጥ ያሉትን ቫልቮች ያዝጋል። ሜዳ ላይ ዓመታት ከቆመ መኪና የወጣ ዩኒት ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ያንተኑ አውጥቶ ለሚያድስ ሰው መላክ ይሻላል። የዩኒቱ ክዳን ሥር ሁለት ሪሌ አለ፣ አንዱ የፖምፓው ሞተር፣ አንዱ የቫልቮቹ። ብዙ ጊዜ “ሞቷል” የተባለው ዩኒት እነሱ ሲቀየሩ ይነሳል።

ስታወርደው አምስት ቱቦ ነው የምትፈታው፣ ሁለቱ ከማስተር የሚመጡ፣ ሁለቱ ለፊት ጎማ፣ አንዱ ለኋላ። ለእያንዳንዱ ምልክት አድርግ። የፊት ግራና ቀኝ ቢቀያየሩ በተራ መንዳት ላይ ምንም አታውቅም። ኤቢኤሱ ሲሠራ ግን ግራ ጎማ ተቆልፎ የቀኙን ይለቃል። ከዚህ የባሰ አደጋ የለም። አሮጌ ዳዶ በተራ ቁልፍ አትንካው፣ ጠርዙ ይበላል። ዙሪያውን የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ ተጠቀም፣ አብዛኛው 11 ቁጥር ነው።

ከቱቦዎቹ አየር ስታስወጣ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ነው የምትሞላው። ሲሊኮኑን ዶት 5 ኤቢኤስ ያለበት መኪና ላይ እንዳታደርግ። ከ1 እስከ 1.5 ባር በሚገፋ መሣሪያ፣ ከቀኝ ኋላ ጀምረህ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የፍሬን ዘይት ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ጨርሶ እንዳይደርቅ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ቀይር፣ ዩኒቱን የሚያቆየው እሱ ነው።

ጥቁሯ124

ጋሼ፣ መካኒክ_ሜሪላንድ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ናቸው። ኦቪፒዋን ቀየርኩ፣ ሚኒሞው ወዲያው ተስተካከለ። የኤቢኤሱ መብራት ደግሞ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፣ ግን ከሰፈር ሳልወጣ ይመለሳል። እንግዲህ ሴንሰር ነው ማለት ነው? የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መካኒክ_ሜሪላንድ

ጎበዝ፣ ግማሹን ጨርሰሃል። ሁለት ችግር ተደራርቦ ነበር ማለት ነው፣ በዚህ እድሜ የተለመደ ነው።

የሴንሰሮቹን ሶኬት ንቀልና በቴስተር ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ለካ። የፊቶቹ ሺህ ቤት ውስጥ መሆን አለባቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን ግራና ቀኙ ይቀራረቡ። አንዱ መጨረሻ የሌለው ካሳየህ ሽቦው ተቆርጧል። ሁለቱም ደህና ከመሰሉ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይር፣ መኪናዋን በክሪክ አንሳና ጎማውን በእጅህ አዙር። ቢያንስ 0.1 ቮልት መስጠት አለበት። ዜሮ ከሆነ ወይም ከሌላው በጣም ካነሰ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፣ አውጥተህ በጨርቅ ጥረገው። ጎማውን ይዘህ ነቅንቀው ደግሞ፣ ኩሽኔቱ ከላላ በጥርሱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ክፍተት ይለዋወጣል፣ አዲስ ሴንሰር ብትገዛም መብራቱ ይመለሳል።

ሴንሰሩ ዝጎ ተጣብቆ ከሆነ በመዶሻ አትምታው፣ ይሰበርና ግማሹ ውስጥ ይቀራል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተህ አሳድረው፣ በነጋታው ግራና ቀኝ እያዞርክ በእጅህ ሳበው።