ጠላ ስንጠምቅ ጦጣዎቹ የብቅሉን ስጥ አላስቀምጥ አሉን፣ ምን ይሻላል?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው፣ ቤታችን ከአሞራ ገደል ብዙም አይርቅም። ለገና ድግስ አለብን። ጠላውን እማዬ ራሷ ናት የምትጠምቀው፣ ሥራው ሁሉ ደግሞ ጓሮ ነው፤ ብቅሉ የሚሰጣው፣ እንኩሮው የሚታመሰው፣ ጋኑ በወይራ የሚታጠነው እዚያው ነው። ችግራችን ጦጣዎቹ ናቸው። ገብሱ በኮባ ተጠቅልሎ ድንጋይ ተጭኖት እስኪበቅል ድረስ አይነኩትም። ተፈቶ ሰሌን ላይ ከተሰጣ በኋላ ግን ከየት መጡ ሳይባል አጥሩ ላይ ይደረደራሉ። አንዱ ይወርድና በሁለት እጁ ዘግኖ ጉንጩን ሞልቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ወንድሜ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ ሆነው ያዩታል እንጂ አይወርዱም። እኔንና እማዬን ግን ከቁብም አይቆጥሩን፤ እንዲያውም አንዱ ትልቁ ባለፈው እማዬ ዱላ ስታነሳ ጥርሱን አሳይቷታል። ጉሬዛዎቹም እዚያው ዛፍ ላይ አሉ፣ እነሱ ግን ቅጠላቸውን ይበላሉ እንጂ አስቸግረውን አያውቁም።

ጎረቤታችን "ብቅሉ ላይ መርዝ አድርጉበት፣ አንዴ ከሞቱ ሌላው አይመጣም" አለን። እኔ ይህን አላደርግም። ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ የምትመጣ እናት አለች፣ እሷን መርዝ ማብላት አልችልም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ስጥ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የለንም። ቤት ውስጥ እንዳናሰጣው ይሻግታል። የሞከራችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ። ድፍድፉ ጋን ከገባ በኋላስ ያሰጋል?

ግራዋ፦
ልጄ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ጠላ ሸጬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ጦጣ ለብቅል የሚሞተው ስለሚጣፍጠው ነው። ገብስ ሲበቅል ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፣ አንቺም አንድ ፍሬ ብታኝኪ ይታወቅሻል። ጌሾውን እዚያው አጠገብ ብታሰጪው ግን ዞር ብለው አያዩትም፣ ይመርራቸዋል። ስለዚህ ጥበቃሽ ሁሉ ብቅሉና እንኩሮው ላይ ይሁን።

ሰሌኑን ተይው። አናጢ ጥሩና እንደ አልጋ እግር ያለው፣ ከታች ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት፣ ከላይ ደግሞ በማጠፊያ የሚከፈት የሽቦ ክዳን ያለው ነገር ያሠራልሽ። ክዳኑ ከብቅሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ምክንያቱም ጦጣ ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ይለቅማል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። መዝጊያውም በሽቦ የሚጠመዘዝ ይሁን፤ ቀላል መቀርቀሪያ ብቻ ካደረግሽለት አይቶ ይከፍተዋል። ለድንቢጥና ለዋኔ ያረጀ አጎበር ከላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። አየር ከሥርም ስለሚያገኘው ከሰሌን ቶሎ ይደርቃል፣ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጋኑን በተመለከተ፣ ድፍድፉ በሚፈላበት ሰሞን አጥብቀሽ አትምረጊው፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። ቤት አስገቢውና አፉን በንጹሕ ጨርቅ እሰሪ፣ በላዩ ክዳን ድፊበት። ውኃው ከተሞላ በኋላ ይመረጋል። ጠላ የሚያኮመጥጥብሽ ጦጣ አይደለም፣ ያቺ ጣፋጭ ነገር ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ ናት። እሷ እግሯ ላይ ይዛው የምትመጣው ነገር አየር ካገኘ ጠላውን ኮምጣጤ ያደርገዋል። እኔ ብሆን ከጦጣው ይልቅ ለሷ ነው የምጨነቀው።

እንጦጦ ሥር፦
እኛ ጋ ደግሞ ጅብ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን በኩል ጫካው ሥር ስለሆንን ማታ ማታ ይወርዳል። ጠላ በተጠመቀ ቁጥር አተላው አጥር ጥግ ይደፋ ነበር፣ የሰፈር ውሾች ይሰበሰቡበታል፣ ውሾቹን ተከትሎ ጅቡ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ነው። አሁን አተላው በባልዲ ሆኖ በዚያው ቀን ላም ላላቸው ጎረቤቶቻችን ይሄዳል። ጥሩ መኖ ነው፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል። አንቺም ጋ አተላው ጓሮ እንዳይደፋ፣ ጦጣ እሱንም ይበላል።

ራኩን ያስቸገረው፦
እኔ ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ብቅሉ ለቢራ ጠማቂዎች ደርቆ ስለሚሸጥ የስጥ ጣጣ የለብኝም፣ ጌሾውም ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። ግን እንኩሮ ቤት ውስጥ ካመስኩ የጭስ ደወሉ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ የጋዝ ምድጃውን ጓሮ አወጣለሁ። ያን ጊዜ ነው ጎብኚው የሚበዛው። ራኩን ማታ መጥቶ የባልዲ ክዳን በእጁ ይከፍታል፣ እጁ የሰው ነው የሚመስለው። ክዳኑን በጎማ ገመድ ማሰርና ባልዲውን ጋራዥ ማስገባት መፍትሔ ሆኖልኛል። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ፣ ደግሞ ተርብ አለ፣ ጣፋጭ ነገር ሲሸተው ድስቱ ውስጥ ነው የሚገባው። ለሱ መሸፈን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢራም ለምትጠምቁ። ሆፕስ (እንደ ጌሾ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) ያለበትን አተላ ውሻ በሚደርስበት ቦታ አትድፉ። ውሻ ከበላው የሰውነቱ ሙቀት ከመጠን በላይ ይወጣል፣ ሊሞትም ይችላል። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

የከብት ሐኪሙ፦
እህቴ፣ መርዙን እምቢ በማለትሽ አመሰግንሻለሁ። መርዝ ጦጣው ላይ አያቆምም። የሞተውን ጦጣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። በአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች እያለቁ ያሉት ከሁሉ በላይ በመርዝ ነው። በዚያ ላይ ሰው የሚበላው እህል አጠገብ መርዝ ምን ያደርጋል?

ጥርሱን ያሳየው ትልቁ ወንድ ነው የሚሆነው። ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ ጥግ አታስይዙት፣ መውጫ ተዉለትና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ወንድን ፈርተው ሴትና ልጅን የሚንቁት ደግሞ አንቺ ጋ ብቻ አይደለም፣ ጦጣ ባለበት በብዙ ቦታ የታወቀ ጠባያቸው ነው፤ የሚያባርራቸውን ሰው ለይተው ያውቃሉ። ሐይቁ ዳር ጎብኚው ሙዝና ቆሎ በእጁ እየሰጠ አለማምዷቸዋል። ቢያንስ እናንተ ግቢ ውስጥ ማንም እንዳያበላቸው፣ ልጆችም ቢሆኑ።

የሐይቅ ዳሯ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አናጢ ነገ ይመጣል፣ ሽቦውም ተገዝቷል። አተላውን ለጎረቤት ላም እንሰጣለን ብላለች እማዬ። እትዬ ግራዋ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ በሽቦ አልጋው ላይ ስንት ቀን ይቆይ? እማዬ የለመደችው ሰሌኑን ነው፣ ቶሎ ካነሳነው እንዳይሻግት ፈርታለች።

ግራዋ፦
በቀን አትቁጠሩት ልጄ፣ በጥርስ ነው የሚታወቀው። አንዱን ፍሬ ንከሺው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ገና ነው። ሥሩም በእጅ ሲታሽ ብን ብሎ መርገፍ አለበት። በስሱ ንጠፉት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ አገላብጡት፣ ማታ ጤዛ ሳይነካው በሰፌድ አፍሳችሁ ቤት አስገቡት። ሲገላበጥ ወንድምሽ አጠገብ ይቁም፣ ክዳኑ ክፍት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።