ስኮትላንድ ገጠር የት እንረፍ? መጀመሪያ መስኮቱን እዩ

«የሐይቅ እይታ ያለው» ይላል ማስታወቂያው። ዋሽቷል አልልም፣ እይታው አለ። የሚታየው ግን ከመታጠቢያ ቤት ነው፤ ያውም የገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥተው ከቆሙ። ከዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ለሦስት ሌሊት ደህና ገንዘብ ከፍለን የገባንበት ቤት ነው። ከሦስቱ ቀን ሁለቱን ዘነበ። ሳሎን ቁጭ ብለን የጎረቤት ጋራዥ ስናይ ዋልን።

ከዚያ ወዲህ ወደ ስኮትላንድ አራት ጊዜ ተመልሰናል፣ አንዴ እማዬን ይዘን። አሁን ክረምቱ ወጣ ማለት ሲጀምር የሚደውል ወዳጅ አይጠፋም። «ስኮትላንድ ልንሄድ ነው፤ ገጠሩ ጋ የት ብናርፍ ይሻላል?» እዚያ አገር ፀሐይም ዝናብም በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ። ቤት የምትውሉበት ሰዓት ካሰባችሁት በላይ ነው። ተራራው የትም አይሄድም፤ ቀድማችሁ መስኮቱን ምረጡ።

ለአከራዩ የምጽፈው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ሳሎን ወንበር ላይ ስቀመጥ ምን ይታየኛል? ከወንበሩ ሆነው ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።» ጥሩ መስኮት ያለው ሰው በደስታ ይልካል። ዝም ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። የፈቃድ ቁጥሩንም እዩ። ስኮትላንድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩም ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥር የሌለው ቤት በጣም ረክሶ ካገኛችሁት እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ወደ ቦታዎቹ ልግባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግሌንኮ የሚባለውን ሸለቆ እመርጣለሁ። ከግላስጎ በኤ82 መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ራኖክ ሙር የሚባለውን ረግረጋማ ሜዳ ካቋረጣችሁ በኋላ ተራሮቹ ከግራም ከቀኝም መንገዱ ላይ ይመጡባችኋል። በከፍታ ብቻ ካሰብነው ያስቃል። የብሪታንያ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 በላይ ላይ ተቀምጣለች። ግን ከባሕር ጠርዝ ድንገት ብድግ ስለሚል ግርማው ሌላ ነው። እማዬ ከመኪናው ወርዳ ዙሪያውን አየችና «ይሄማ የሰሜን ተራራ ነው። ዛፉን ግን ማን ጨረሰው?» አለች። በግና አጋዘን ብዬ ነገርኳት፤ ሰውም አለበት።

ማረፊያውን ግሌንኮ መንደር ወይም ባላሁሊሽ አድርጉት፣ ሎክ ሌቨን ዳር። (እነሱ ሐይቁንም፣ ወደ ውስጥ የገባውን ባሕርም «ሎክ» ነው የሚሉት።) በጀት ጠበብ ካለ ሆስቴሊንግ ስኮትላንድ እዚያው ሆስቴል አለው። ከ1931 ጀምሮ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ የተማሪ መኝታ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ክፍልም ይገኛል። መኪና ለሌለው ደግሞ ከግላስጎ ወደ ስካይ ደሴት የሚሄደው የሲቲሊንክ አውቶቡስ በዚያ ያልፋል።

ከኤድንብራ በስተርሊንግ በኩል የምትመጡ ከሆነ ላርበርት ላይ ለግማሽ ሰዓት ቁሙ። በ1770 ጎንደር ገብቶ ግሽ ዓባይ ድረስ የዘለቀው ጀምስ ብሩስ የዚያ አካባቢ ሰው ነበር። የተቀበረውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ከብረት የተሠራ ሐውልት ቆሞለታል። ከማረፊያ ጥቆማ ወጣሁ፤ ግን መንገዳችሁ ላይ ነው ብዬ ነው።

ሎክ ሎሞንድ ለቸኮለ ሰው ነው። ከግላስጎ ባሎክ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሐይቁ ዳር ባልማሃ ብታርፉ ጥሩ ነው፤ ኮኒክ ሂል የሚባለው ኮረብታ 361 ሜትር ብቻ ስለሆነ ልጅም ይወጣዋል፣ ከላይ ደሴቶቹ ተደርድረው ይታያሉ። ቅዳሜና እሑድ ፀሐይ ከወጣ ግን ግማሽ ግላስጎ እዚያ ነው። ድንኳን ለመትከልም ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙው የሐይቁ ዳርቻ ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላው ስኮትላንድ ላይ በ2003ቱ የመሬት ሕግ መሠረት ሥርዓት ጠብቆ ሜዳ ላይ ማደር ስለሚቻል፣ ሰው እዚህም እንደዚያ መስሎት ይሳሳታል።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ አቪሞር ሂዱ፣ ኬርንጎምስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ከተማዋ ራሷ አትማርክም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን ከኤድንብራ ሳይቀየር የሚሄድ ባቡር አላት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ። ሎክ ሞርሊክ የሚባለው ሐይቅ ዳር እውነተኛ አሸዋ አለ። ከ1952 ጀምሮ ተራራው ላይ የሚኖር ሬንዲር የሚባል አጋዘን መንጋም አለ፤ ልጆቹ በእጃቸው ያበሏቸዋል። ከምዕራቡ ይልቅ ዝናቡ ይቀላል። እዚህ ኮቴጅ፣ ማለትም ሙሉ የገጠር ቤት፣ ተከራዩ። ለሁለት ቤተሰብ ሲካፈል ከሆቴል ያንሳል፣ ወጥም ይሠራበታል። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት ያዙ፤ እዚያ አካባቢ ፈልጋችሁ አትደክሙ።

ኮቴጁ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የማዳላው ለቢ ኤንድ ቢ ነው፤ ሰው ቤት አድሮ ቁርስ በልቶ ለመውጣት። አስተናጋጇ መንገዱን ታውቃለች፣ አየሩንም ከስልካችሁ በተሻለ ትነግራችኋለች። ጣጣው ቁርሱ ነው። ሙሉው የስኮትላንድ ቁርስ ቤከን አለበት፣ ከደም የሚሠራ ጥቁር ቋሊማም አለበት። ስለዚህ ማታውኑ ተናገሩ። እኛ ረቡዕ ደርሶብን «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም» ብለን ነገርናት። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው እንደ አያቴ እሠራላችኋለሁ» አለች። ጠዋት ያመጣችው የአጃ ገንፎ በውሃና በጨው ብቻ የተሠራ ነበር። ለካ የድሮው አሠራር እንደዚያ ነው። እማዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ሳቀች። «ይሄ እኮ የአራስ አጥሚት ነው፤ ትንሽ ወፍሯል እንጂ።»

ሐሙስ ሃጊስ ቀረበ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ የሚሠራ ነው። ስሙ ፈረንጁን ያስደነግጠዋል። ዱለት በልቶ ያደገ ሰው ግን ሚጥሚጣውን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ፖድ የሚሏትን የእንጨት ጎጆ አንድ ሌሊት ሞክረናል። ለሁለት ሰው ደስ ትላለች። ሻንጣ ካለ ግን ወይ እናንተ ወይ ሻንጣው ነው።

ስለ ሚጅ ካልነገርኳችሁ ትወቅሱኛላችሁ። ከፍርፋሪ የምታንስ ትንኝ ናት፣ በመንጋ ነው የምትመጣው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም አለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምዕራቡን ትወርሰዋለች። ንፋስ አትችልም፣ ጠዋትና ማታ ጸጥ ሲል ግን ትበላለች። ስለዚህ በእነዚህ ወራት «ዛፍ ውስጥ፣ ረጋ ያለ ውሃ ዳር» የሚለው ቤት ፎቶው ሲያምር አትሸነፉ። ንፋስ የሚያገኘውን ከፍ ያለ ቤት ውሰዱ። ብትችሉ ግንቦት ላይ ሂዱ፤ ትንኟ ገና ናት፣ ምዕራቡም ከሌላው ጊዜ ይደርቃል። በሰኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ገና ብርሃን ስለሆነ መጋረጃው ወፍራም መሆኑን ጠይቁ፣ በተለይ ልጅ የሚያስተኛ ሰው።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ ስካይ። ውበቱን አልክድም፤ የስቶር ዓለቱም የኩራንግ ገደሉም የተወራላቸውን ያህል ናቸው። ድልድዩ በ1995 ተከፍቶ ክፍያው በ2004 ከተነሳ ወዲህ መግባቱ ቀላል ነው። ችግሩም እሱ ነው። በሐምሌ ዋናዋ ከተማ ፖርትሪ ላይ አልጋ ማግኘት ሎተሪ ነው። ብዙው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ በየመሃሉ መተላለፊያ አለ፣ እዚያ ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ፣ እጅ ታነሳላችሁ። ፎቶ ለማንሳት መኪና ማቆሚያ አታድርጉት፣ ሰው በጣም ይናደዳል። ከእንግሊዝ ነድታችሁ የምትሄዱ ደግሞ ለሹፌር የሚፈቀደው የመጠጥ መጠን እዚያ ከእንግሊዝ ያነሰ መሆኑን አትርሱ። ደሴቱ ላይ ካላደርን ካላችሁ ስታፊን አካባቢ ያዙ፣ ቢያንስ ሦስት ሌሊት።

እኔ ግን ከድልድዩ ወዲህ እቀራለሁ። ፕሎክተን የምትባል መንደር አለች፣ ከድልድዩ በመኪና ሩብ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ከባሕሩ ንፋስ ተከልላ ተቀምጣለች፤ ከዚህ የተነሳ መንገዱ ዳር ዘንባባ የሚመስል ዛፍ በቅሎባታል። ስኮትላንድ ውስጥ ነው የምላችሁ! ከኢንቨርነስ የሚመጣው ባቡርም ይቆምባታል። ቀን ስካይን ዞራችሁ ማታ እዚህ ትገባላችሁ። ንፋስ ስለሚጋረድላት ግን የሐምሌን ሚጅ እዚህም ጠብቁ።

እማዬን ያሳረፍናት እዚያ ነው። ክፍሏ ወደ ወደቡ የሚያይ ትልቅ መስኮት ነበረው። ጠዋት ወጥተን ስንመለስ ወንበሯን አስጠግታ ደንግጣ አገኘናት። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። «ውሃው የት ሄደ? አንድ ነገር ሆኖ ነው?» የደጋ ሰው ናት፣ ባሕር ሲሸሽ አይታ አታውቅም። ባለቤትየው የሰዓቱን ሰሌዳ አምጥቶ መቼ እንደሚመለስ አሳያት። ከዚያ በኋላ ሽርሽር የምንወጣው በእሷ ሰዓት ሆነ፤ ውሃው ሳይገባ ንቅንቅ አትልም።

ለግንቦት ያንኑ ክፍል ይዤላታለሁ። ቤቱ ሦስት ክፍል ብቻ ስለሆነ ለመስከረም የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ጻፉላቸው፣ ወደ ወደቡ የሚያየውን ብላችሁም ጥቀሱ። የኋላው ክፍል የሚያየው ጋራዥ ነው።