ሽኮኮዋ ከተኛች ምግቡን ለማን ነው ያስቀመጠችው?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የልጄን አልጋ ሳነጥፍ ፍራሹ ሥር ካልሲ አገኘሁ። በገብስ ቆሎና በሱፍ ተሞልቶ አፉ በፀጉር ማስያዣ ታስሯል። ስምንት ዓመቷ ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» ብላት «የክረምት ስንቄ ነው፣ እንደ ሽኮኮዋ» አለችኝ። ቴሌቪዥን ላይ ያየቻት ሽኮኮ ለውዝ ቀብራ ክረምቱን ሙሉ ትተኛለች። ቀጥላ «ከተኛች አትበላም፤ ካልበላች ለማን ነው ያስቀመጠችው?» አለችኝ። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች፣ እኔ መልስ የለኝም። ደግሞ «የኛ ቤት አይጥስ ለምን አትተኛም?» ብላለች። በግምት መልሼ ላሳስታት አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ስንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ልጅሽ ልክ ናት፤ ፊልሙ ሁለት እንስሳ አንድ ላይ ሰፍቶባታል።

ልጅሽ ሽኮኮ ያለቻት፣ ዛፍ ላይ የምትኖረዋ ጅራተ ጎፈሬ ክረምቱን ተኝታ አታሳልፍም። ብርዱ ሲከፋ ጎጆዋ ትከተታለች፣ ሲቀልላት ወርዳ አንድ በአንድ የቀበረችውን እያወጣች ትበላለች። (የኛ የገደል ሽኮኮ ስሙን አዋሳት እንጂ ዘመዷ አይደለም። እሱ ለዝሆን ይቀርባል፤ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ስንቅ አያከማችም።)

የሚተኙት ሌሎች ናቸው። ብርዳማዋ አላስካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የጅራተ ጎፈሬ ዘመድ አለ፤ ከዓመቱ ሰባት ስምንት ወር ይተኛል። ስንቁ ገላው ላይ የተሸከመው ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባርንስ የተባለ ተመራማሪ የሰውነቱ ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 2.9 ዲግሪ እንደሚወርድ አሳየ፤ እንደዚያም ሆኖ ደሙ በረዶ አይሆንም። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ግን ሰውነቱን ወደ 36 ዲግሪ ገደማ ያሞቅና ቀን ሳይሞላው መልሶ ይቀዘቅዛል። ምድጃው በትከሻዎቹ መካከልና አንገቱ ላይ ያለው ቡናማ ስብ ነው። ይህ ስብ ሰውነት ሳይንቀጠቀጥ ሙቀት ይሰጣል፤ ልጅሽም አራስ ሳለች ነበራት።

ለጥያቄዋ ቀጥተኛ መልስ የምትሆነው ግን ቺፕመንክ ናት፤ ሰሜን አሜሪካ ያለች፣ ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት ትንሽዬ። በጉንጯ ከረጢት እያመላለሰች ጓዳዋን ፍሬ ትሞላለች። ትተኛለች፣ በየጥቂት ቀኑ ትነቃለች፣ ከጓዳዋ ትበላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ስለዚህ ያስቀመጠችው ለራሷ ነው በያት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ጀበናው ውስጥ ካለው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ገላም እንደዚሁ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ሙቀቱን ለመተካት ደግሞ ብዙ መብላት አለበት። ያቺ የቤትሽ አይጥ ቤቱ ይሞቃታል፣ ምግብም አታጣም፣ ለምን ትተኛ? ክረምት የሚለው ቃልም እንዳያሳስታት። የነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የሚመጣውም በኛ በጋ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
መምህር፣ ስንቅ የሚይዝ እኛም ጋ አለ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ድንች ስንቆፍር የፍልፈል ጉድጓድ ተናደ። ከመተላለፊያው ጎን ክፍል ነበረው፤ ውስጡ ሥራሥርና የኛው ድንች፣ የጥርሱ ምልክት እንዳለበት፣ ተከምሮ አየሁ። አባቴ ደህና ደህናውን መርጠው ወደ ቅርጫቱ መለሱ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ክምር ዓይኔ ላይ ነው። አንድ ፍልፈል ያን ሁሉ በጨለማ አንድ በአንድ ነው የጎተተው።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩላት። አሁን ደግሞ «የማይተኛም፣ የማይወፍርም ካለስ ንገሩኝ» ትላለች።

ጡረተኛው መምህር፦
አለ በያት። ፒካ ይባላል፤ የጥንቸል ዘመድ ነው፣ መዳፍ የሚሞላ፣ የተራራ ቋጥኝ ሥር የሚኖር። በጋውን ሙሉ ሣርና አበባ በአፉ እያጨደ ድርቆሽ ይከምራል፣ ክረምቱን በረዶው ሥር ሆኖ እሱን ይበላል። የአሜሪካው ፒካ ትኩሱን የማይበላው መርዛም ቅጠል አለ፤ እሱንም ከድርቆሹ ጋር ይከምረዋል። መርዙ ድርቆሹን ከመበላሸት ይጠብቅለታል፤ ወራት ቆይቶ መርዙ ሲቀንስ ቅጠሉንም ይበላዋል።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ይህን ስትሰማ ተነስታ ካልሲዋን አመጣች። ስናሸተው ሻግቷል። ቆሎውን ደፋነው፣ አዲስ ቆላሁላት፣ ክዳን ባለው ጣሳ አድርጋ አልጋዋ ሥር መልሳዋለች።